ሞተሩ እየሠራ የሚወድቅ ሄሊኮፕተር



የዛሬው ርእሴ ሄሊኮፕተር ድንገት ቁልቁል የሚምዘገዘግበት ምክንያት ነው። በሁለት የታወቁ ታሪኮች እጀምራለሁ። ቀኖቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ያዙልኝ።

ጁን 21 ቀን 1972 ዣን ቡሌ የተባለ ፈረንሳዊ የሙከራ አብራሪ ላማ በምትባል ሄሊኮፕተር ከደቡብ ፈረንሳይ፣ ከኢስትር ተነስቶ 12,442 ሜትር ከፍታ ላይ ወጣ። ከራስ ደጀን አናት ሁለት እጥፍ ተኩል የሚበልጥ ከፍታ ነው። ክብረ ወሰኑን ሰብሮ ለመውረድ የሞተሩን ኃይል ሲቀንስ ሞተሩ ጠፋ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 63 ዲግሪ ነበርና መልሶ ማስነሳት አልተቻለም። ቡሌ ያን ሁሉ ከፍታ ያለ ሞተር ወረደ፤ በሰላምም አረፈ።

ሁለተኛው ታሪክ የደረሰው ኤፕሪል 8 ቀን 2000 ሌሊት፣ አሜሪካ ውስጥ፣ አሪዞና ክፍለ ግዛት፣ ማራና በሚባል ቦታ ነው። ቪ-22 ኦስፕሬይ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ ብሎ ይነሳል፤ አየር ላይ ሁለቱን ሮተሮቹን ወደ ፊት አጋድሞ እንደ አውሮፕላን ይበራል። በዚያ ሌሊት ልምምድ ላይ ከነበሩት መካከል አንዱ ለማረፍ ሲወርድ በጎኑ ተገልብጦ መሬት ላይ ተከሰከሰ። 4 የበረራ ሠራተኞችና 15 ወታደሮች፣ በጠቅላላ 19 የአሜሪካ ማሪኖች ሞቱ። ሞተሮቹ እየሠሩ ነበር። ምርመራውም የአደጋው መንስኤ ነው ብሎ የጠቀሰው የተሰበረ ዕቃ የለም።

እንግዲህ አስቡት። ሞተር የጠፋበት ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ወርዶ ተረፈ፤ ሁለት ጤነኛ ሞተር ያለው ከጥቂት መቶ ጫማ ላይ ወድቆ ሰው ፈጀ። ልዩነቱ ያለው በሮተሩ ውስጥ በሚያልፈው አየር ላይ ነው። የዛሬው ነገሬ ሲጠቀለል ይኸው ነው፦ ሄሊኮፕተር የሚያስፈልገው ጉልበት ብቻ ሳይሆን ያልተበጠበጠ አየርም ነው። አየሩን ራሱ ካበላሸው ደግሞ ጉልበት መጨመር መድኃኒት አይሆንም።

ከመሠረቱ እንነሳ። ሮተር የሚዞር ክንፍ ነው። ከላይ አየር ይስባል፣ ወደ ታች ይገፋል፤ በአጸፋው ሄሊኮፕተሩ ወደ ላይ ይያዛል። ለምሳሌ በብዙ አገር ለሥልጠናና ለግል በረራ የሚያገለግለውን ሮቢንሰን አር-44 እንውሰድ። ሙሉ ክብደቱ 1,134 ኪሎ ግራም ነው፤ ሮተሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ 10 ሜትር ያህል ይሆናል። በባሕር ጠለል ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ባለበት ቆሞ ለመንሳፈፍ በሮተሩ ውስጥ የሚያልፈውን አየር በሰከንድ 7.5 ሜትር ገደማ ቁልቁል መግፋት አለበት። ይህን ቁጥር በልባችሁ ያዙልኝ።

ሄሊኮፕተሩ ቆሞ ሲንሳፈፍ የተገፋው አየር ወደ ታች ይሸሻል፤ ወደ ፊት ሲበር ደግሞ ወደ ኋላና ወደ ታች ይቀራል። በሁለቱም ጊዜ ሮተሩ ዘወትር የሚያገኘው አዲስ አየር ነው። በክንፎቹ ጫፍ ግን ሁልጊዜ ትንሽ ሽክርክሪት አለ። ከክንፉ በታች ያለው አየር ግፊቱ ከበላዩ ካለው ስለሚበልጥ በጫፉ በኩል ዞሮ ወደ ላይ ማምለጥ ይፈልጋል። በደህናው ጊዜ ይህ ሽክርክሪት ከተገፋው አየር ጋር ተጠርጎ ስለሚሄድ ጉዳቱ ጥቂት ነው።

ነገሩ የሚለወጠው ሄሊኮፕተሩ ወደ ፊት ሳይሄድ፣ ቀጥ ብሎ ወይም ለቀጥታ በቀረበ አቅጣጫ ሲወርድ ነው። ያኔ ራሱ የገፋውን አየር ይደርስበታል። ሮተሩ አየር ወደ ታች ይገፋል፤ ሄሊኮፕተሩ እየወረደ ስለሆነ ደግሞ ከታች አየር ወደ ላይ ይመጣበታል። ሁለቱ ይጋጫሉ። መሄጃ ያጣው አየር በሮተሩ ዳር ዳር ወደ ላይ ይታጠፍና እንደገና ከላይ ይገባል። በጫፍ ላይ የነበረው ትንሽ ሽክርክሪት አድጎ መላውን ሮተር የሚከብብ ቀለበት ይሆናል። አብራሪዎች ይህን ሁኔታ ቮርቴክስ ሪንግ ይሉታል። ወደ ሮተሩ መሐል በኩልም ከታች የሚመጣው አየር የበረታበት የክንፉ ክፍል ሌላ ሽክርክሪት ያበጃል። ክብደት ይሸከም የነበረው ጉልበት አሁን ያንኑ አየር ደጋግሞ በማዞር ያልቃል።

ችግሩ የሚጀምረው የመውረጃው ፍጥነት ሮተሩ አየር ወደሚገፋበት ፍጥነት ሲጠጋ ነው። ለአር-44 ያልኳችሁ የ7.5 ሜትር ግማሽ ገደማ ላይ ሲደረስ መንቀጥቀጡ ይመጣል፤ ከዚያ በላይ እየባሰ ይሄዳል። የመውረጃው ፍጥነት ከዚያ ቁጥር እጅግ ካለፈ ግን አየሩ ከታች ወደ ላይ በሮተሩ ውስጥ በደንብ ማለፍ ይጀምራል፤ ቀለበቱም ይፈርሳል። ቡሌን ያዳነው ይህ ነው። ሞተሩ ሲጠፋ የክንፎቹን ዝንባሌ ቀነሰ፤ ከታች የሚመጣው ነፋስ ሮተሩን ራሱ አዞረለት፤ መሬት ሲቃረብ በሮተሩ ዙረት ውስጥ ያከማቸውን ጉልበት ተጠቅሞ አለዘበና አረፈ። አውቶሮቴሽን ይሉታል፤ የትኛውም የሄሊኮፕተር ተማሪ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት የሚለማመደው ነገር ነው። አደገኛው ክልል እንግዲህ መካከለኛው ነው፦ ለደህና መንሳፈፍ የበዛ፣ ለአውቶሮቴሽን ያነሰ አወራረድ።

የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ለአብራሪዎች ባዘጋጀው መማሪያ ለዚህ አደጋ ሦስት ነገሮች መገጣጠም እንዳለባቸው ይገልጻል። አንደኛ፣ አወራረዱ ቀጥ ያለ ወይም ለቀጥታ የቀረበ ሆኖ በደቂቃ ቢያንስ 300 ጫማ ሲሆን፤ ሁለተኛ፣ የፊት ለፊት ፍጥነቱ አዝጋሚ ሲሆን፣ ማለትም ሮተሩ በንጹሕ አየር ተጠቃሚ ከሚሆንበት ከ16 እስከ 24 ኖት (የባሕር ማይል በሰዓት) በታች ሲወርድ፤ ሦስተኛ፣ ሞተሩ ኃይል እየሰጠ ሲሆን። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ቀለበቱ አይፈጠርም። ሦስተኛውን ልብ በሉልኝ፤ ሞተሩ መሥራቱ ራሱ ከአደጋው ቅድመ ሁኔታዎች አንዱ ነው።

አሁን አብራሪው መቀመጫ ላይ እንቀመጥ። በግራ እጁ ኮሌክቲቭ የሚባለውን ዘንግ ይዟል፤ ሲስበው የሁሉም ክንፎች ዝንባሌ በአንድ ጊዜ ይጨምራል፣ ሄሊኮፕተሩም ወደ ላይ ይያዛል። በቀኙ ሳይክሊክን ይዟል፤ ሮተሩን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ ወይም ወደ ጎን የሚያጋድለው እሱ ነው። እግሮቹ ፔዳሎቹ ላይ ናቸው። ቀለበቱ ሲጀምር መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ይሰማዋል። ከዚያ አፍንጫው ያለ ምክንያት ወዲያና ወዲህ ይላል፤ መሪዎቹም ሲያዛቸው አልታዘዝ ይላሉ። የመውረጃው መለኪያ መርፌ ወደ ታች ይሮጣል። የሰው ደመ ነፍስ የሚያዘው አንድ ነገር ነው፦ ኮሌክቲቩን ሳብ! በንጹሕ አየር ላይ ትእዛዙ ልክ ነበር። እዚህ ግን ጭቃ የያዘው መኪና ቤንዚን በተረገጠለት ቁጥር ይበልጥ እንደሚቀበር ነው፤ ክንፎቹ ይበልጥ በገፉ ቁጥር የሚዞረው አየር ይበረታል፤ ውድቀቱም ይፈጥናል። ቀለበቱ ሙሉ ለሙሉ ሲደርጅ አወራረዱ በደቂቃ 6,000 ጫማ ሊጠጋ ይችላል፤ በሰከንድ 30 ሜትር ማለት ነው። በ100 ሜትር ከፍታ ላይ ላለ ሰው ስንት ሰከንድ እንደሚተርፈው እናንተው አስሉት።

ወደ ማራና እንመለስ። ያ ኦስፕሬይ ሌላውን ተከትሎ እየወረደ ነበር። ለዚያ ዓይነት አዝጋሚ በረራ፣ ከ40 ኖት በታች፣ የተቀመጠው ወሰን በደቂቃ 800 ጫማ ነበር። እሱ ግን ከ2,000 ጫማ በላይ ይወርድ ነበር። ቪ-22 ሁለት ሮተር ጎን ለጎን አለው፤ የቀኙ ሮተር ቀድሞ ቀለበቱ ውስጥ ገባና መሸከም አቃተው፣ የግራው ግን እየተሸከመ ነበር። አውሮፕላኑ ወደ ቀኝ ማጋደል ጀመረ። በዚህ አውሮፕላን ላይ ሚዛን የሚጠበቀው የአንደኛውን ሮተር ክንፍ ዝንባሌ ጨምሮ የሌላውን በመቀነስ ነው። ስለዚህ አጋድሎውን ለማቃናት መሪውን ወደ ግራ ማዘዝ ማለት በታመመው የቀኝ ሮተር ላይ ዝንባሌ መጨመር ማለት ነው፤ ሕመሙን ማባባስ። ይህ ሁሉ የሆነው 250 ጫማ ገደማ ላይ ነው።

ድንገተኛ አወራረድ ሁሉ ግን ከቀለበት የሚመጣ አይደለም። አብራሪዎችም ሳይቀሩ የሚያምታቱት ሌላ ነገር አለ፤ የኃይል ማነስ። ሄሊኮፕተሩ ከሞተሩ አቅም በላይ ሲጫን፣ ወይም ነፋስን ከኋላው አድርጎ ለማረፍ ሲጠጋና ወደ ፊት መብረሩ ይሰጠው የነበረው እርዳታ ድንገት ሲጎድልበት፣ የሚያስፈልገው ኃይል ካለው ኃይል ይበልጣል። አብራሪው አሁንም ኮሌክቲቩን ከሳበ የሮተሩ ዙረት ይቀንሳል፤ ዙረቱ ሲቀንስ ክንፎቹ መሸከማቸውን ያቆማሉ። የተራራ ነፋስም አለ፤ ነፋስ ተራራ ተሻግሮ በጀርባው በኩል ሲወርድ ሄሊኮፕተሩን አብሮ ይዞት ይወርዳል። ከውጭ ለሚያይ ሁሉም አንድ ይመስላሉ፤ ሄሊኮፕተሩ እየወረደ ነው። መድኃኒታቸው ግን ይለያያል፤ ስለዚህ የትኛው እንደያዘው ማወቅ ግድ ነው።

እዚህ ላይ የራሳችንን ደጋ አገር ማንሳት ተገቢ ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ ጥቂት ከፍ በሚልበት ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ የአዲስ አበባ አየር ከመደበኛው የባሕር ጠለል አየር አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። ሄሊኮፕተሩ የሚሰማው ከ10,000 ጫማ በላይ እንደወጣ ሆኖ ነው። ያ 7.5 ሜትር ያልኳችሁ ቁጥር እዚህ ወደ 8.8 ሜትር ያድጋል። ቁጥሩ ማደጉ ቀለበቱን ትንሽ ያዘገየዋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ያንኑ ክብደት ለመሸከም ሮተሩ የሚፈልገው ኃይል በዚያው ልክ ይጨምራል፤ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንኑ የሳሳ አየር ነው። እንግዲህ በደጋ አገር የሚጠበው የኃይል ትርፍ ነው። ትርፍ የሌለው አብራሪ አወራረዱን በጊዜ መግታት ያቅተዋል፤ አወራረዱን መግታት ያቃተው ደግሞ ወደ ቀለበቱ ይገባል። ሁለቱ አደጋዎች የሚገናኙት እዚህ ነው። በባሕር ዳርቻ የተማሩትን ክብደትና አቀራረብ ይዞ ደጋ ላይ ማረፍ የማይቻለውም ለዚህ ነው።

እስካሁን ያልኩትን የሚያሳዩ ሌሎች ሁለት አደጋዎችን ላንሳ። ሜይ 2 ቀን 2011 የአሜሪካ ልዩ ኃይሎች ፓኪስታን፣ አቦታባድ ወደሚገኘው የኦሳማ ቢን ላደን ግቢ በገቡ ጊዜ አንደኛው ብላክ ሆክ ሄሊኮፕተር ግቢው ውስጥ ወደቀ፤ ጭራው አጥሩ ላይ ተንጠለጠለ። በውስጡ ከነበሩት የሞተ አልነበረም። በኋላ ስለ ዘመቻው የተነገረው እንደሚያስረዳው አየሩ ከታሰበው በላይ ሞቃት ነበር፤ ግቢውም በረጅም ድፍን ግንብ የታጠረ ነበር። ሮተሩ የገፋው አየር ግንቡን መትቶ ወደ ላይ ተመለሰበት። ልምምዱ የተደረገበት ቦታ ላይ ግን አጥሩ በሽቦ መረብ የተሠራ ነበር፤ ሽቦ አየር ያሳልፋል፣ ግንብ አያሳልፍም። እጅግ በጥንቃቄ የተለማመዱ ሰዎች የአየር መውጫ በማጣት ተያዙ።

ሌላው ኦገስት 23 ቀን 2013 ስኮትላንድ፣ ሼትላንድ ደሴቶች፣ ሰምበራ አጠገብ የደረሰው ነው። 18 ሰዎችን ከባሕር ላይ ነዳጅ ማውጫ ይዞ ሲመለስ የነበረ ሱፐር ፑማ ሄሊኮፕተር ደመና ውስጥ ለማረፍ እየወረደ ነበር። አውቶፓይለቱ አወራረዱን ይጠብቅ ነበር፤ የፊት ፍጥነቱን ግን አብራሪው ራሱ በኮሌክቲቩ መጠበቅ ነበረበት። የታሰበው 80 ኖት ነበር። ኮሌክቲቩ በቂ አልተሳበም። አውቶፓይለቱ አወራረዱን ለመጠበቅ አፍንጫውን ቀስ በቀስ ወደ ላይ አነሳ፤ ፍጥነቱም ማንም ሳያየው እየሟሸሸ ሄደ። ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። ሄሊኮፕተሩ ባሕር ላይ ወድቆ ተገለበጠ፤ 4 መንገደኞች ሞቱ። እዚህ ላይ የምትማሩት ተማሪዎች አንድ ነገር ያዙ፦ አደጋው የሚታየው በመውረጃው መለኪያ ላይ ነው፤ የሚወለደው ግን ቀደም ብሎ በፍጥነት መለኪያው ላይ ነው።

መድኃኒቱስ ምንድን ነው? ለረጅም ዘመን ሲሰጥ የኖረው ትምህርት ሳይክሊኩን ወደ ፊት ገፍቶ ፍጥነት መያዝ፣ ኮሌክቲቩንም መቀነስ ነው። መንገዱ ይሠራል፤ ሄሊኮፕተሩ ከተበላሸው አየር ወደ ፊት ያመልጣል። ዋጋው ግን ከፍታ ነው፤ መሬት አጠገብ ደግሞ ከፍታ የለም። ክሎድ ቩይሻር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ አብራሪ ሌላ መንገድ አመጣ፤ ወደ ጎን መውጣት። ሮተራቸው ከላይ ሲታይ በሰዓት ቆጣሪ ተቃራኒ አቅጣጫ በሚዞር ሄሊኮፕተሮች ላይ አብራሪው ኮሌክቲቩን እስከ መነሻ ኃይል ይስባል፤ በግራ ፔዳል አፍንጫውን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፤ በዚያው ቅጽበት ሳይክሊኩን ወደ ቀኝ ያጋድላል። የጭራው ሮተርም ወደዚያው ጎን ስለሚገፋ ያግዘዋል። ሮተሩ በቀለበቱ ዳር በኩል ወደ ላይ የሚወጣውን አየር ሲያገኝ ይያዛል። በጊዜ ከተደረገ የሚባክነው ከፍታ ከ20 እስከ 50 ጫማ ብቻ ነው። የአሜሪካው መማሪያም ዘዴውን ተቀብሎ ያስተምረዋል።

ሁለቱን መንገዶች አስተያዩ። ሁለቱም ሄሊኮፕተሩን ከቦታው ያነቃንቁታል። በቩይሻር ዘዴ ኃይል መሳቡ የሚጠቅመው ወደ ጎን ከመውጣት ጋር አብሮ ስለሚደረግ ነው፤ ባለበት ቆሞ ኃይል ብቻ መሳብ ግን መቀበር ነው። ከሁሉም የሚበልጠው መድኃኒት ቀድሞ መከላከል መሆኑንም አትርሱ፦ ነፋስን ከፊት አድርጎ መቅረብ፣ ወሰን ያለው አወራረድ፣ ከመነሳት በፊት የተሠራ የክብደትና የኃይል ስሌት፣ አቀራረቡ ሲበላሽ ሳያፍሩ ትቶ ዞሮ መመለስ።

ስለ ተጠያቂነትም አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ከማራናው አደጋ በኋላ ጣት የተቀሰረው በሞቱት አብራሪዎች ላይ ነበር፤ ከወሰኑ በላይ ወርደዋልና። ቤተሰቦቻቸው ግን ለዓመታት ተሟገቱ፤ አንድ የምክር ቤት አባልም ጉዳዩን ይዘው አልለቅ አሉ። በ2016 የያኔው የአሜሪካ ምክትል የመከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ወርክ ጉዳዩን መርምረው ለአደጋው ዋና ምክንያት የአብራሪዎቹ ውሳኔ ነው መባሉን እንደማይቀበሉ በጽሑፍ አስታወቁ። አውሮፕላኑ በቀለበቱ ውስጥ እንዴት እንደሚሆን ከአደጋው በፊት በቂ ሙከራ አልተደረገም ነበር። ከአደጋው በኋላ የሙከራ አብራሪዎች በከፍታ ላይ ሆን ብለው ወደ ቀለበቱ እየገቡ ወሰኑን ለኩ፤ ሮተሮቹን ለጥቂት ጊዜ ወደ ፊት ማጋደል እንደሚያድን አረጋገጡ፤ ኮክፒት ውስጥም በብርሃንና በድምፅ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ገባ። ይህ ዕውቀት ከማራና በፊት ቢኖር ኖሮ የዚያ ሌሊት ነገር ሌላ ይሆን ነበር። ሙት መውቀስ ቀላል ነው፤ ሕያዋንን የሚያድነው ግን ምርመራ ነው።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። እዚህ የተገኛችሁ አብራሪዎችና ሠልጣኞች፣ መውጫውን በቃል ብቻ አትያዙት፤ እጃችሁና እግራችሁ ሳይጠየቁ እስኪያደርጉት ድረስ፣ በከፍታ ላይ፣ ከአሠልጣኝ ጋር ተለማመዱት። ሄሊኮፕተር የምታሠማሩ መሥሪያ ቤቶች፣ የክብደቱ ስሌት በደጋው አየር እንጂ በፋብሪካው ብሮሹር አይሠራ። ተሳፋሪ የምንሆን ሌሎቻችንም፣ አብራሪው «እዚህ አላርፍም» ወይም «አንድ ሰው ይቀነስልኝ» ሲል አንጨቅጭቀው፤ ቃሉን እንቀበል። እሱ ያሰላውን አየር እኛ አላሰላነውም።